ዛፉ ሲወፍር ቁጥሩ ይቀንሳል

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ያልተተከለበት ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ የምናየው ደን ዕድሜው ሲጨምር የዛፎቹ ቁጥርና ውፍረት እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው።

ችግኝ በአንድ ሜትር ርቀት ከተተከለ በአንድ ሄክታር 10,000 ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑም ውኃውም ለሁሉም ይዳረሳል። ቅርንጫፎቹ ሲገናኙ ግን ሽሚያው ይጀመራል። ቀድሞ የረዘመው ከላይ ይጋርዳል፤ የተበለጠው ምግቡን የሚያዘጋጅበት ብርሃን ሲያጣ ይቀጭጫል፤ ውሎ አድሮም ይደርቃል። ማንም ምሳር ሳያነሣ ደኑ በራሱ ይሳሳል ማለት ነው።

ሬይኔክ የተባለ አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1933 በቀመር አስቀምጦታል። እኩያ ዛፎች ጢም ብለው በሞሉበት ደን፣ አማካይ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። 100 ከነበሩ 33 ያህል ይቀራሉ። ታዲያ ከሰርን? አልከሰርንም። ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ግንድ ሲቆረጥ የሚታየው የእንጨቱ ስፋት አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ 33ቱ በዚህ ስፋት 132 ቀጫጭኖችን ያህላሉ።

በማሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። 10 ሜትር በ10 ሜትር በገመድ ከልሉና ዛፎቹን ቁጠሩ፤ ቁጥሩን በ100 ስታባዙት የሄክታሩን ታገኛላችሁ። ዙሪያቸውን ደግሞ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ለኩ። በየዓመቱ ስትመዘግቡት ለውጡን ታዩታላችሁ።

ማገርና አጣና ለሚሸጥ ሰው ጥቅጥቅ ያለው ተከላ ያዋጣዋል፤ ሽሚያው ሳይከፋ ይቆርጠዋል። ወፍራም ቋሚና ጣውላ የሚፈልግ ግን ተፈጥሮን ሳይጠብቅ ጠማማውንና የቀጨጨውን ቀድሞ ያንሣ። ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውም እንዲሁ ነው፤ ጠንካራ ጠንካራውን ትቶ ሌላውን መቀነስ ያስፈልጋል።

የቤተ ክርስቲያን ደን ግን ሌላ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው እኩያ አይደሉም። ደኑ ጤነኛ ከሆነ ከጥቂት ግዙፎች ሥር እጅግ ብዙ ችግኝና ለጋ ዛፍ ይኖራል፤ አንዱ ትልቅ ሲወድቅ በተከፈተው ብርሃን ተተኪው ያድጋል። ከብት ከገባ ግን ችግኙ ይጋጣል፣ ይረገጣል። ያኔ ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ቢመስልም ልጅ የሌለበት የሽማግሌዎች ቤት ይሆናል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር ባደረጉት ጥናት የከብት ግጦሽ የችግኝን መተካት እንደሚጎዳ አሳይተዋል። በዚያው አካባቢ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ባሕር ዛፋችሁን በጊዜው አሳሱ፤ የደብራችሁን ደን ደግሞ ከከብት ጠብቁ። የተከላችሁትን ብቻ ሳይሆን ያደገውንም ቁጠሩ።