ለቀለበት ፎቶ ብድር ወይስ ምክር?
(በሙሽራ ማስዋብና በፎቶግራፍ ሥራ የተሰማራን አባላት በወርኃዊው ስብሰባ ያቀረብነው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ እንደቀረ ታስታውሳላችሁ። ከተዘዋዋሪ ገንዘባችን ላይ ለልጆቻችን የቀለበት ፎቶ ብድር ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? የሚል ነበር። ገሚሶቻችሁ «ልጄ ከጓደኞቿ አንሳ ስትታይ አንጀቴ አይችልም» አላችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ «ይህ ገንዘብ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚደለብበት ነው» አላችሁ። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ነው ሳንስማማ የተለያየነው።

እኛ አምስት ነን። ሁለታችን ሙሽራ እናስውባለን፣ አንዳችን ልብስ ታከራያለች፣ ሁለታችን ፎቶ እናነሣለን። ብድሩ ቢፈቀድ ገንዘቡ ዞሮ የሚገባው ወደ እኛ ኪስ ነው። ቢሆንም «አይፈቀድ» ባዮች ነን። ምክንያታችንን በሥራችን ካየነው ተነሥተን እናስረዳለን።

ወጪውን የሚያንረው ፎቶው ሳይሆን ቦታው ነው። ሩቅ ቦታ ሲመረጥ መኪና ይከራያል፣ ሾፌር ይከፈላል፣ ሚዜዎቹ ሁሉ ምሳ ይበላሉ፣ የመግቢያና የካሜራ ክፍያ ይመጣል፣ ለየቦታው የሚቀየር ልብስ ይታሰባል። ስለዚህ ቦታ በማስተዋል የመረጠ ሰው ብዙውን ወጪ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ቀንሶታል። ልጆች ወደ እኛ ሲመጡ «የት ሄደን እንነሣ?» ይላሉ። እኛ ግን መልሰን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የት ተዋወቃችሁ? አብሯችሁ ፎቶው ላይ እንዲኖር የምትፈልጉት ሰው ማን ነው? ያ ሰው መንገድ ይችላል ወይ? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ቦታው ራሱን ይመርጣል።

አሁን በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ብዙ ጊዜ የሚጠሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ እንይ።

እንጦጦ ብዙዎች የሚመርጡት ነው፤ አይፈረድባቸውም። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከተማዋ በሙሉ ከሥር ትታያለች። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የተቀመጡበት፣ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንግሥና ዘውድ የደፉበት ተራራ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፓርክ ሆኗል። ነገር ግን ብርዱን አትርሱ። ጠዋት እጅጌ የሌለው ልብስ የለበሰች ልጅ ቆዳዋ ይኮማተራል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ሜካፑ ይበላሻል። ነፋሱም ነጠላና ቬል ይዞ ይሄዳል። ካባ ወይም ወፍራም ጋቢ ይዞ መሄድ፣ ፎቶ በማይነሡበት ደቂቃ መደረብ ነው።

ወደ እንጦጦ ስትወጡ የምታልፉት ሽሮ ሜዳ ራሱ ቦታ ነው። የሐበሻ ቀሚሱ የሚገዛው እዚያው ነው፤ በሰፈሩ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ቤት አለ። ሸማኔውን አስፈቅዶ፣ ለጊዜው የሚገባውን ከፍሎ፣ ቀሚሱ በተሠራበት ጉድጓድ አጠገብ መነሣት ይቻላል። የጥለቱ ቀለም፣ ድሩ፣ መወርወሪያው ከየትኛውም ያጌጠ አዳራሽ ይልቅ ያምራል።

በመሀል ከተማ አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ አሉ። ንጹሕ ናቸው፣ ጥበቃ አለ፣ መጸዳጃ ቤት አለ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለወንዶች ቀላል ይመስላል፤ ቬሎ ለብሳ አምስት ሰዓት የቆየች ሴት ግን ታውቀዋለች። ችግሩ ቅዳሜና እሑድ ሰው መብዛቱ ነው፤ የማታውቁት ሰው በስልኩ ቀርጿችሁ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሥራ ቀን ይሻላል። የመግቢያና የፎቶ ክፍያው ስለሚለዋወጥ ከጓደኛ በሰማችሁት አትተማመኑ፤ ቀደም ብሎ አንድ ሰው በአካል ሄዶ ይጠይቅ። ጸጥታ የሚወድ ሰው የጉለሌ እፅዋት ማዕከልን ይመልከት። ሰፊ ጫካ ነው፤ አገር በቀል ዛፎች መሀል ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ጫማ ግን ጠፍጣፋ ይሁን።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ብርድ ለማይችሉ ትስማማለች። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ የሚባሉት ሐይቆች በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ዳርቻቸው ገደላማ ነው። ረጅም ልብስ ለብሶ ጫፍ ላይ መቆም አያስፈልግም። ከላይ ሆኖ ሐይቁን ከጀርባ ማድረግ ፎቶውንም ያሳምራል፣ ሕይወትንም ይጠብቃል። አብዛኛው የሐይቅ ዳር በሆቴሎች የተያዘ ስለሆነ ምሳ እዚያው መብላት ግዴታ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሆራ ደግሞ ኢሬቻ የሚከበርበት ነው። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ በዓሉ ሲከበር መንገዱም ቦታውም የምእመናኑ ነው፤ የፎቶ ፕሮግራም በዚያ ሰሞን አይያዝ።

ወንጪ ውብ ነው፤ ደርሶ መልስ ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ሲሄዱበት ሙሽሪት ደክማ ትደርሳለች፣ ጥሩው ብርሃንም መንገድ ላይ ያልቃል። እዚያ አድሮ ለመመለስ አቅም ላለው እንጂ ተበድሮ ለሚሄድ አይሆንም።

ስለ ብርሃን ካነሣን ይህንን ያዙ። ብርሃን ገንዘብ አያስከፍልም። በእኛ አገር ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከዓይንና ከአገጭ ሥር ጥላ ትጥላለች፤ የቆንጆ ልጅ ፊት ታስረጃለች። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዐሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ግን ማንኛውንም ግድግዳ ያሳምራል። ከወቅቶች መስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ ሜዳው ለምለም ነው፣ አደይ አበባም አለ። ጥር ሰርግ የሚበዛበት ስለሆነ ቦታውም ባለሙያውም ይወደዳል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ የግድ ከሆነ በረንዳ ያለው ቦታ ይመረጥ።

አሁን ደግሞ ስለማይደፈሩ ቦታዎች እንናገር። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ የጸሎት ቤት ነው። አስተዳዳሪውን ሳያስፈቅዱ፣ በቅዳሴ ወይም በሶላት ሰዓት፣ አለባበስ ሳያስተካክሉ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ለተጨፈጨፉት መታሰቢያ ነው፤ ለመሳሳቂያ አይሆንም። የመንግሥትና የጦር ተቋማት አካባቢም ካሜራ አይወጣም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት ሕግ ያስጠይቃል፤ «እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ ፈቃዱን በወረቀት አሳየን በሉት።

አንድ ነገር ደግሞ በማኅበራችን ስም አደራ እንላለን። እንጦጦ ላይ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ከእነሱ መሀል የአንዳንዶቻችን እናቶችና አክስቶች እንደነበሩበት ሁላችንም እናውቃለን። ጥንዶች «ባህላዊ ይሆናል» ብለው እነዚህን እናቶች አስቁመው ከጀርባቸው ሲያደርጉ አይተናል። ሸክም የተሸከመች ሴት የሰው ደስታ ማጀቢያ አይደለችም። መንገድ ይለቀቅላት፣ ሰላምታ ይሰጣት። እኛ በበኩላችን እንዲህ ያለ ፎቶ አናነሣም፤ ደንበኛው ቢቀየምም።

የሴት ልጅ ምቾትና ክብርም ከቦታ ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። ልብስ የት ትቀይራለች? የሚለው አስቀድሞ ካልታሰበ መኪና ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ ሰው እያየ ትቀይራለች። መለወጫ ክፍል የሌለው ቦታ ከሆነ ሁለት ትልልቅ አንሶላና ሁለት እህቶች ይኑሩ። ፊቷንና ፀጉሯን ለባዕድ ወንድ ለማታሳይ ሙስሊም እህታችን ሴት ፎቶ አንሺና የተከለለ ግቢ ያስፈልጋታል፤ ማኅበራችን ይህንን ማሟላት መቻሉ ኩራታችን ነው። ፎቶው ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ይውጣ አይውጣም ልጅቷ ራሷ ትወስን።

ከሁሉም በላይ የምንመክረውን ቦታ ለመጨረሻ አቆይተነዋል። እሱም ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት ነው። የጎዳናና የመናፈሻ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ሲታይ ሰው የሚፈልገው ዛፉን አይደለም፤ «አባባ የት ጋ ናቸው? እማማስ?» ነው የሚለው። አያት ቢሾፍቱ ድረስ መሄድ አይችሉም። በራፋቸው ላይ ግን ወንበር አውጥተው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው መቀመጥ ይችላሉ። ከበሩ በሚገባው ብርሃን፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ልጅቷ ጉልበታቸውን ስትስም የሚነሣ ፎቶ መግቢያ የለውም፣ መኪና የለውም፣ ምሳውም የቤት ነው። የጎደለ ቀለም ወይም የተሰነጠቀ ግድግዳ አያሳፍርም፤ ጥበብ ቀሚስ ከፊቱ ሲቆም ራሱ ጌጥ ይሆናል።

ይህን የምንለው ወጪ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት ግቢ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። አዲሱ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጅ ተወልዶ ያደገበት ደጃፍ፣ እድርተኛው የተሰበሰበበት ግቢ ዳግም አይገኝም። ካሜራ ላንድ ቀን ከተከራየ፣ ነገ ላይኖር የሚችለውን ቤት መቅረጽ ሁልጊዜም ቆሞ የሚጠብቀንን ተራራ ከመቅረጽ ይቅደም እንላለን።

እንግዲህ ለዛሬው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ተዘዋዋሪው ገንዘብ ገንዘብ ለሚያመጣ ሥራ ብቻ ይዋል፤ ለፎቶ አይበደር። ፎቶ ደስታ ነው እንጂ ወለድ ከፍሎ ራሱን የሚመልስ ሥራ አይደለም። የሁለት ልጆች ትዳር በእናት ዕዳ ሲጀመርም ደስ አይልም።

ሁለተኛ፣ በብድር ፈንታ እኛ አምስታችን በወር አንድ የሥራ ቀን ለአባላት ልጆች እንሰጣለን። ማስዋቡንም ማንሣቱንም ለድካማችን ሳናስከፍል፣ የማተሚያውን ብቻ ተቀብለን እንሠራለን። ቦታው ቤት ወይም በታክሲ የሚደረስበት ቅርብ ስፍራ ይሁን። ተራው በዕጣ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ከቤት ውጭ መነሣት ለሚፈልጉ፣ ቀደም ብለው በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚጥሉበት እቁብ ይቋቋም። የራስን ገንዘብ አጠራቅሞ ቢሾፍቱ መሄድ ነውር የለበትም፤ እኛም ደስ እያለን አብረን እንሄዳለን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የመጀመሪያዋን ካሜራችንን የገዛነው እናንተ ካገዛችሁት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተበድረን ነው፤ ብድሩንም ሠርተን መልሰናል። ያ ገንዘብ ዛሬ ሌላ እህት እጅ ገብቶ እየሠራ ነው። እንዲህ መዞሩን እንዲቀጥል ስለምንፈልግ ነው ለራሳችን ገበያ ሊሆን የሚችለውን ብድር ይቅር ያልነው።

ሐሳባችንን ሰምታችሁ ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እንጠይቃለን። ልጆቻችሁን የምትድሩ፣ በልጆቻችሁ ደስ ይበላችሁ።