በኅዳግ የተጻፈ ውል



በጽሕፈት ቤታችሁ ጓዳ አቧራ የለበሰውን አሮጌ መዝገብ፣ ጊዜው አልፎበታል ብላችሁ ከማስወገዳችሁ በፊት የደብረ ታቦርን ነገር አስቡ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዷቸውን መጻሕፍት ወደ ደብረ ታቦር፣ ኋላም ወደ መቅደላ አጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ በወደቀች ጊዜ 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ገቡ።

እነዚህ መጻሕፍት ጸሎትና ታሪክ ብቻ የያዙ አይደሉም። የበጌምድር ካህናት የጉልትን ስጦታ፣ የርስትን ውርስና የመሬትን ሽያጭ፣ ምስክር እየጠሩ በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። ቅዱሱ መጽሐፍ መዝገብ ቤታቸው ነበርና። ስለዚህ መጽሐፉ ከደብሩ ሲለይ የባላገሩም ማስረጃ አብሮት ተለየ።

ጽሑፎቹ ግን ሁለተኛ አገልግሎት ሰጡ። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች መርምረው፣ በጎንደር ዘመን ሴቶች መሬት ይይዙና ያወርሱ እንደ ነበር አሳዩ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍም የኢትዮጵያን የመሬት ይዞታ ታሪክ በሰፊው ተረኩ። ጸሐፊው ካህን ያሰበው ለነገ ሙግት ነበር፤ የጠቀመው ግን ከእርሱ በኋላ ለመጣ ትውልድ ነው።

እንግዲህ እናንተም መዝገብ ስታኖሩ ቀኑን፣ ጸሐፊውንና የመጣበትን ስፍራ ሳትጽፉ አትለፉ፤ ቅጂውንም በሌላ ቤት አስቀምጡ። ዛሬ ከንቱ የመሰለው ወረቀት ነገ ምን እንደሚመሰክር ከእኛ መካከል የሚያውቅ የለምና። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ የሚወረሰው ግን ጠባቂ ሲያገኝ ነው።