ግንብ ያላት ከተማና ሐዲድ ያላት ከተማ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ የደንገጎን ዳገት በሚጨርስበት ጊዜ ልብሱን መደረብ ይጀምራል። ወደ ኋላው ቢመለከት ቈላው በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ይታየዋል፤ ወደ ፊቱ ሲመለከት ደግሞ የሐረርጌ ደጋ በጫትና በማሽላ እርሻ አጊጦ ይቀበለዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የከፍታቸው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ተቀራርበው ሳለ እንዲህ የተለያዩ ሁለት ከተሞች በአገራችን ብዙ የሉም።

ይሁን እንጂ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ አየሩ አይደለም። በድሬዳዋ በየቢሮው፣ በየሻይ ቤቱና በየለቅሶው ቤት ስለሚሰማ አንድ አነጋገር ነው። ይኸውም «ታሪክ ያላት ሐረር ናት፤ ድሬዳዋማ የባቡር ማቆሚያ ነበረች» የሚለው ነው። ይህን ቃል ከሌላ ስፍራ በዝውውር የመጣ ሠራተኛ ብቻ ቢናገረው ባላስገረመኝ ነበር፤ ምክንያቱም እርሱ የበረሃ አበሉን እየቈጠረ የሚመለስበትን ቀን የሚጠብቅ ነው። የሚያስገርመው በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ተወልዶ ያደገው ሰው ራሱ ይህንኑ ሲደግመው መስማት ነው። አነጋገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተት የሆነውም ግማሽ ጉዳት የሚያመጣ ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

እውነት ከሆነው ልጀምር። ሐረር ልትከበር የሚገባት ከተማ ናት። የከተማይቱ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጓሜውም «ከተማ» ማለት ነው። ራሳቸውንም «ጌይ ኡሱእ»፣ ማለት የከተማው ሰው ብለው ይጠራሉ። ሕዝብ ስሙን ከጐሣ ወይም ከአባት ስም ሳይሆን ከከተማው ሲወስድ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ጀጎል የሚባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ከጥንት ጀምሮ የነበሩት በሮችም አምስት ናቸው። በዚያ ግንብ ውስጥ አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ አትመዋል፤ ሊቃውንት መጻሕፍትን ጽፈዋል፤ ከዘይላና ከበርበራ ወደብ የሚመጣውም ቅፍለት ጭነቱን አራግፏል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ 10 ቀን ያህል ቆይቶ ወጣ። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ገዟት፤ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ያዟት፤ ከዚያም ራስ መኰንን አስተዳደሯት። ገዥ በገዥ ላይ ሲፈራረቅ ግንቡ ግን ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እለምናችኋለሁ። ግንቡ የቆመው ድንጋይ ስለማያረጅ አይደለም። ድንጋይ ያረጃል፤ ዝናም ይሸረሽረዋል፤ ቤት የሚሠራ ሰውም ፈልፍሎ ይወስደዋል። ግንቡን ያቆየው ሰዉ የእኔ ነው ማለቱ ነው። በሐረር «አፎቻ» የሚሉት ማኅበር አለ፤ በሠርግም በሐዘንም ጐረቤት ከጐረቤት የሚረዳዳበት ነው። በእንዲህ ያለ ማኅበር ተሳስሮ የሚኖር ሰው ከቤቱ ውጭ ያለውን ግድግዳ የማንም ያልሆነ ነገር አድርጎ አያየውም። ሐረር ጀጎልም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 የሚበልጡ የአድባራት ስፍራዎች መኖራቸው ተመዝግቧል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንውረድ። የባቡሩ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ በተሰጠ ጊዜ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ነገር ግን መሐንዲሶቹ የተራራውን አቀበትና የሚጠይቀውን ወጪ ሲመረምሩ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲሄድ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደቻቱ ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ ደረሰ። በዚያም ለተቈረቈረችው ከተማ የተሰጣት የመጀመሪያ ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ድሬዳዋ እንግዲህ ለሐረር ባዕድ አይደለችም፤ የእናቷን ስም ይዛ የተወለደች ልጅ ናት። እውነቱን ለመናገር ልጅቱ የእናቷን እንጀራ ወሰደች። ከባቡሩ በኋላ ወደ ዘይላ የሚወርደው ቅፍለት እየሳሳ ሄደ፤ ቡናውና ቈዳው ወደ ድሬዳዋ ይጫን ጀመር፤ የሐረርም ነጋዴ ራሱ ወርዶ ሱቅ ከፈተ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት በድሬዳዋ ቆሞ በመቅረቱ ከተማይቱ የመሥመሩ መጨረሻ ሆና በይበልጥ በለጸገች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከተማይቱን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ኩባንያው በመሥመር የቀየሳት፣ ጐዳናዋ ቀጥ ያለና ዛፍ የተተከለባት ከዚራ አለች፤ በሌላው በኩል ገበያው የሚደምቅባት፣ መንገዷ የሚጠማዘዘው መጋላ። በሁለቱም ዳር ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ ተቀመጠ። የስሟን ትርጓሜ እንኳ ብትጠይቁ ሁሉም በየቋንቋው ይነግራችኋል፤ ኦሮሞው «ድሬ» ማለት ሜዳ ነው ይላል፤ ሶማሌው ደግሞ ድር የተባለው አባቱ ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላል። ሁለቱም ተከራክረው ሲያበቁ አብረው ሆጃ ይጠጣሉ። ይህም በከተማ ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዕድሜም ቢሆን ድሬዳዋን ልጅ ናት ብሎ መናቅ አይገባም። ከከተማው አጠገብ በሚገኘው ኮረብታ ላይ «ፖርክ ኤፒክ»፣ ማለት ጃርት የሚል ስም በፈረንሣይኛ የተሰጠው ዋሻ አለ። በ1921 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ ሊቃውንት በቈፈሩት ጊዜ በብዙ ዐሥር ሺህ ዓመታት የሚቈጠር የድንጋይ መሣሪያና የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት አግኝተዋል። ለመሆኑ ከመካከላችሁ ስንቱ ሄዶ አይቶታል? አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ ብጠይቅ ከ12 ሠራተኞች አንድ ሰው ብቻ እጁን አነሣ፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በፊት በዝውውር የመጣ ነበር።

የሁለት ከተሞች ፉክክር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የሩቅ ምሳሌ ላምጣ። በካናዳ አገር ፈረንሣዮች የቈረቈሯቸው ሁለት የጥንት ከተሞች አሉ፤ አንዲቱ በ1608 የተመሠረተችው ኬቤክ፣ ሁለተኛይቱ በ1642 የተመሠረተችው ሞንትሪያል ናቸው (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ግንብ ነበራቸው። ሞንትሪያል የንግድ ከተማ ስለ ሆነች መንገድ ይጠብብኛል ብላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግንቧን አፈረሰች። በኬቤክም ነጋዴዎቹ ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ነገር ግን በ1870ዎቹ እንደራሴው ሎርድ ደፈሪን በሮቹ ሰፋ ብለው እንዲሠሩና ግንቡ እንዲቆይ አደረጉ። ኬቤክ በ1985 የዓለም ቅርስ ተባለች። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሐረርን ይመስላል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሞንትሪያል ፍጻሜ ነው። ግንቧን ያፈረሰችው ከተማ በ1825 ላሺን የሚባል የመርከብ ቦይ ከፈተች፤ በዚህም ቦይ ዳር ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ተሠራ፤ ሠራተኛው ከየአገሩ መጥቶ ሰፈረ። ከጊዜ በኋላ ትልቅ የመርከብ መንገድ በሌላ በኩል ስለ ተከፈተ አሮጌው ቦይ በ1970 ለንግድ መርከብ ተዘጋ። ሕዝቡ ግን ጊዜው አለፈ ብሎ ደፍኖ አልተወውም፤ ዳርና ዳሩን ለእግረኛና ለብስክሌት መሄጃ አደረገው፤ በ2002ም ለመዝናኛ ጀልባዎች እንደ ገና ተከፈተ። ሞንትሪያል ኬቤክን ለመምሰል አዲስ ግንብ አልገነባችም፤ እርሷን እርሷ ያደረጋትን ነገር ያዘች።

ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት ምንድን ነው? ሐዲዱና ወንዙ ናቸው፤ ሁለቱንም እንዴት እንደ ያዝናቸው እንመልከት።

የአሮጌው ባቡር የአዲስ አበባ ጉዞ እየተዳከመ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አዲሱን አልነቅፍም፤ አገር ያለ ወደብ መንገድ አይኖርም። ነገር ግን በከተማው መካከል ያለው አሮጌው ለገሃር፣ ወርክሾፑ፣ መዘውሮቹና ሠረገሎቹ የድሬዳዋ ጀጎል መሆናቸውን የሚያስብ ስንት ሰው አለ? በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ የተበላሸ የባቡር ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ አይጠበቅም ነበር፤ እዚያው ይቀረጽ ነበር። አባቶቻችን ፈረንሣይኛን በትምህርት ቤት ሳይሆን በብሎን ስም ተማሩ። የሰዓት አክባሪነትንም፣ የደመወዝ መዝገብንም፣ ሠራተኛ ሆኖ በማኅበር መደራጀትንም ብዙው የከተማ ሰው ያየው በባቡሩ ነው። ይህን የሚያውቁት ጡረተኞች በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ።

ስለ ወንዙ ስናገር ድምፄ ዝቅ ይላል። ሐረር በዓለም መዝገብ የገባችበት ያ ሐምሌ 1998 ሳይወጣ፣ በወሩ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ከተራራው ወርዶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ስለዚህ ወንዝ መሆኑ ይረሳል። ከአደጋው በኋላ በዳሩ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ነገር ግን በወንዝ አፋፍ ላይ ቤት ለመሥራት የሚቀርበውን ማመልከቻ የሚያየው ጐርፉ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። «ታሪክ የሌላት ከተማ» የሚለው አነጋገር ጉዳት ያመጣል ያልኩት ስለዚህ ነው። ታሪክ የላትም የተባለች ከተማ የትናንት ጐርፏም አይታወስላትም።

ሁለቱ ከተሞች እንደማይለያዩ ደግሞ ውሃው ራሱ ይመሰክራል። ሐረር ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ ከጊዜ በኋላ ውሃ እንደ ገና ቢታይበትም በዚያን ጊዜ ሐረር ተጠማች። ያን ጊዜ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካለው ከሐሰሊሶ ጕድጓድ ውሃ ተስቦ፣ ያን ሁሉ ዳገት በሞተር ኃይል ተገፍቶ፣ ወደ ሐረር የሚወጣ መሥመር ተዘረጋ። ባቡሩ መውጣት ያቃተውን ተራራ ውሃው ወጣው። እንጀራዋን ወሰደች የተባለችው ልጅ ለእናቷ ውሃ ቀዳች።

ክቡራን አድማጮች፤ አብዛኞቻችሁ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ መሆናችሁን ስለማውቅ ንግግሬን ወደ ጠረጴዛችሁ አቀርባለሁ። ከተማን መውደድ በበዓል ቀን ባንዲራ መስቀል ብቻ አይደለም። አንድ ቀን «አሮጌ ብረት ስለ ማስወገድ» ወይም «አሮጌ መዝገብ ስለ ማቃጠል» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደርቦ ይቀርብላችሁ ይሆናል። አጭር ወረቀት ነው፤ ከበታቹም የፊርማ ቦታ ይኖረዋል። ከመፈረማችሁ በፊት ባርኔጣችሁን አድርጋችሁ ወጣ በሉና ብረቱን በዓይናችሁ እዩት፤ የወርክሾፑንም ጡረተኛ ፈልጋችሁ ምን እንደ ነበረ ጠይቁት። ለገሃር ከቢሮአችሁ ሩቅ አይደለም፤ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።