የጎማን ጥርስ ስለ ማጽዳትና ስለ ማጽጃው መሣሪያ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰናዳ ንግግር

በክረምት ወራት ገበሬ ከእርሻው ውሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከደጃፉ ቆሞ እግሩን በድንጋይ ላይ ይጠርጋል። ይህንንም የሚያደርገው ቤቱ እንዳይጐድፍ ብቻ አይደለም፤ ጭቃ የያዘ እግር በጠፍጣፋ ነገር ላይ ስለሚያዳልጥ ጭምር ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ይኸው ነገር በመኪና ጎማ ላይ እንደሚደርስ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። ከጭቃ መንገድ ወደ አስፋልት የሚወጣ መኪና እግሩን ሳይጠርግ ወደ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ እንግዳውን ቢያዳልጠው የሚወድቀው እርሱ ራሱ ነው፤ መኪናን ቢያዳልጠው ግን በመንገዱ ዳር ወደ ገበያ የሚሄደው ሽማግሌና ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ አብረው ይጐዳሉ። ስለዚህ የጎማ ጥርስ ንጽሕና የነጂው ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ጎማ ከመጀመሪያው ጥርስ የነበረው አይደለም። በቤልፋስት ከተማ የተቀመጠ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ዓመት የፈጠራውን መብት ተቀበለ። የዚያ ዘመን ጎማ ፊቱ ልሙጥ ነበረ። አውቶሞቢል በተስፋፋ ጊዜ ግን ልሙጡ ጎማ በእርጥብ መንገድ እያዳለጠ ነጂዎችን አስቸገረ፤ ስለዚህም አንዳንዶቹ የብረት ምስማር የተመታበት ቆዳ በጎማው ላይ ያለብሱት ነበር። በ1904 ኮንቲኔንታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፊቱ የተቀረጸ የአውቶሞቢል ጎማ አወጣ። በ1908 ደግሞ ፋየርስቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አያዳልጥም» ማለት የሆነውን ቃል በጎማው ፊት ላይ ቀረጸ፤ ፊደሎቹም ራሳቸው ጥርስ ሆነው መንገዱን ይነክሱ ነበር። በዚያው ዘመን፥ ማለት በ1900 ዓ.ም.፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ተቀበሉ።

ጥርስ ሲባል ግን ጕብታው ብቻ አይደለም፤ በጕብታና በጕብታ መካከል ያለው ቦይ ዋና ነገር ነው። ይህን ገበሬ ፈጥኖ ያስተውለዋል። ገበሬ በዋልካ እርሻው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ውሃው ከዘሩ ላይ እንዲወርድለት ነው፤ ፈሰሱ በደለል ከተደፈነ ግን ውሃው በእርሻው ላይ ተኝቶ ዘሩን ያበሰብሰዋል። የጎማም ቦይ እንዲሁ ነው። መኪና በእርጥብ አስፋልት ላይ ሲሄድ ከጎማው በታች የሚገባውን ውሃ ቦዮቹ ተቀብለው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያወጡታል፤ ጕብታዎቹም አስፋልቱን አግኝተው ይይዛሉ። የትንሽ መኪና አንድ ጎማ መንገዱን የሚነካበት ስፍራ የተዘረጋ የሰው እጅ ከሚሸፍነው ብዙ አይበልጥም፤ የመኪናው ክብደትና የተሳፋሪው ሕይወት ሁሉ እንዲህ ባሉ በአራት ስፍራዎች ላይ ያረፈ ነው። ቦዩ ጥልቀት ቢያጣ ወይም ቢደፈን ውሃው መውጫ ያጣና በፍጥነት የሚሄደውን ጎማ እንደ ታንኳ ያንሳፍፈዋል፤ ያን ጊዜ ነጂው መሪውን ቢያዞር ፍሬኑንም ቢረግጥ መኪናው አይታዘዘውም። ናሳ የተባለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ሊቃውንት በ1963 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ነፋሱ ከሞላው ይልቅ በዝቅተኛ ፍጥነት ይንሳፈፋል። በአውሮጳ ኅብረት አገሮችም የትንሽ መኪና ጎማ ዋና ቦይ ጥልቀቱ ከ1.6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መኪናው በመንገድ ላይ እንዳይሄድ ሕግ ይከለክላል።

እንግዲህ ቦዩን ከሚደፍኑት ነገሮች ሁሉ የከፋው ዋልካ ነው። የአፈር ሊቃውንት እንደሚናገሩት በኢትዮጵያ ይህ ጥቍር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ይጣበቃልም፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። የበቾና የእነዋሪ ሰው ይህን ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በክረምት እግረኛው በየጥቂት እርምጃው ጫማውን ካልጠረገ እግሩ እየከበደው ይሄዳልና። ጎማም በዋልካ ላይ ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ቦዮቹ ሁሉ ሞልተው ልሙጥ ጎማ ይመስላል። አዲስ ተገዝቶ ጥርሱ የጠለቀ ቢሆንም እንኳ፥ ጭቃው እስኪለቅ ድረስ ጥርስ እንደሌለው ይቈጠራል።

ጭቃው የሚለቀውም መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ጎማው በዝግታ ሲዞር ጭቃው እንደተጣበቀ ይቈያል፤ ሲፈጥን ግን ድንጋይ ከወንጭፍ እንደሚወጣ ይወረወራል። ስለዚህ ነጂው ከመንደሩ መንገድ ወጥቶ በአስፋልቱ ላይ መፍጠን ሲጀምር፥ በመጀመሪያው ርቀት ሁለት አደጋ ይገናኛሉ። አንደኛው፥ የራሱ ጎማ ገና አልጸዳም። ሁለተኛው፥ ያራገፈው ጭቃ በአስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ኋላ የሚመጣውን መኪና፥ ይልቁንም ባጃጅንና ሞተር ብስክሌትን ያዳልጣል። ይህም ስፍራ የመንደሩ መውጫ፥ የገበያተኛው መሻገሪያ፥ የተማሪውም መንገድ ነው።

ይህን ነገር መምህሩ በቃል ብቻ ሳይሆን በዐይን ሊያሳይ ይችላል። ጥርሳቸው ገና ያላለቀ ሁለት በረባሶዎች ይፈልጋል። አንደኛውን በውሃና በብሩሽ ያጸዳዋል፤ የሁለተኛውን ጥርስ በዋልካ ጭቃ ይደፍነዋል። ሁለቱንም በረጠበ ሳንቃ ላይ አስቀምጦ በየላያቸው እኩል ክብደት ያለው ድንጋይ ይጭናል። ከዚያ በኋላ የሳንቃውን አንድ ጫፍ በዝግታ ወደ ላይ ያነሣል፤ በረባሶው መንሸራተት ሲጀምር ያቆማል። ተማሪዎቹም የተነሣውን ጫፍ ከፍታ፥ ከጫፉም ትክክል በታች ካለው የመሬት ነጥብ እስከ ሳንቃው ግርጌ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ከፍታው ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር የመያዝ ኀይል ልክ ነው። ለምሳሌ ከፍታው 60 ሳንቲሜትር ርቀቱም 80 ሳንቲሜትር ቢሆን መልሱ 0.75 ነው፤ ከፍታው 20 ርቀቱም 98 ቢሆን መልሱ 0.2 ያህል ነው።

የዚህ ቍጥር ትርጉም በሒሳብ ሲታይ ያስደነግጣል። በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 13.9 ሜትር ያልፋል። ይህ ቍጥር በራሱ ተባዝቶ፥ በመጀመሪያ ለ19.6፥ ቀጥሎም ለመያዝ ኀይሉ ልክ ሲካፈል፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ይገኛል። የመያዝ ኀይሉ 0.75 ሲሆን መኪናው በ13 ሜትር ይቆማል፤ 0.2 ሲሆን ግን እስከ 49 ሜትር ይሄዳል። ይህም የነጂው እግር ፍሬኑን እስኪያገኝ ድረስ የሚታለፈው ርቀት ሳይቈጠር ነው። ፍሬኑ ከተያዘበት ስፍራ በ20 ሜትር ርቀት ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ በንጹሕ ጎማ ይድናል፤ በተደፈነ ጎማ ግን አይድንም። የነጂው ችሎታና የመኪናው ብርታት አንድ ሆነው ሳሉ የሁለቱ ልዩነት ጭቃው ብቻ ነው።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ የእጅ ጥበብ ሰዎችና መሐንዲሶች ጎማን የሚያጸዱ ብዙ መሣሪያዎችን አውጥተዋል። አንዳንዱ መሣሪያ በጎማው በራሱ ውስጥ ያለ ነው። የትራክተር ጎማ ጕብታዎቹ ረጃጅሞችና ተራርቀው የቆሙ የሆኑት፥ ጎማው ሲዞር ጭቃው በመካከላቸው ሳይጠነክር ወደ ጎን እንዲወድቅ ነው። በብዙ የጭነት መኪና ጎማ ቦይ ግርጌም ትንንሽ ጕብታዎች ይታያሉ፤ ሥራቸው በቦዩ ውስጥ የተሰካውን ጠጠር ገፍቶ ማስወጣት ነው፤ ጠጠር በቦይ ውስጥ ተቀርቅሮ ከቈየ እንደ መሰርሰሪያ እየሆነ ጎማውን እስከ ውስጡ ሽቦ ይበሳዋልና።

ሌላው መሣሪያ በመኪናው ላይ የሚታሰር ነው። አፈርና ድንጋይ በሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች፥ ጎን ለጎን በተጣመሩት የኋላ ጎማዎች መካከል የብረት ዘንግ ይንጠለጠላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ድንጋይ ሲሰካ ዘንጉ መትቶ ያስወጣዋል፤ ባያስወጣው ኖሮ ድንጋዩ ጎማውን ይቀደዋል፥ ወይም በሩጫ ጊዜ ተወርውሮ ኋላ ያለውን ይመታል። መንገድ በሚደመድሙ ባለ ጎማ መዳመጫዎችም ላይ የሚፍቅ ሰሌዳና ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ምንጣፍ ይደረጋል፤ ጎማው በዞረ ቍጥር ይጠረጋል።

ሦስተኛው በመንገዱ ላይ የሚሠራ ነው። በታላላቅ የግንባታ ስፍራዎች መውጫ ላይ መኪናው የሚያልፍበት የብረት ርብራብ ይነጠፋል፤ ጎማው በርብራቡ ላይ ሲንገጫገጭ ጭቃው ይራገፋል። ከዚህ የሚበልጠው ከታችና ከጎን ውሃ በኀይል የሚረጭ የጎማ ማጠቢያ ነው፤ የታጠበበትም ውሃ በጕድጓድ ውስጥ ረግቶ እንደገና ለማጠቢያ ይመለሳል። በጀርመን አገር የመንገድ ደንብ መንገድን ማቈሸሽን ይከለክላል፤ ያቈሸሸው ሰው ሳይዘገይ እንዲያጸዳ፥ እስኪያጸዳም ድረስ መንገደኛው የሚጠነቀቅበት ምልክት እንዲያደርግ ያዝዛል።

እንዲህ ያለ ማጠቢያ ለመንደር የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚረክሰው ለመንደር የሚሆን ነው፤ ይኸውም የተሰበረ ድንጋይ ነው። መሐንዲሶች ከጭቃ ስፍራ ወደ አስፋልት መውጫ ላይ የተሰባበረ ድንጋይ ያነጥፋሉ፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የጭነት መኪና ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 3 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ በ15 ሜትር ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ድንጋዩም እንደ ጥርስ ማጽጃ እየገባ ጭቃውን ያወጣዋል። የመንደሩ ሽማግሎች ከመንገድ ባለሥልጣን ጋራ ተመካክረው፥ ክረምት ሳይገባ በደቦ ይህን ሊያሠሩ ይችላሉ። ሦስት ነገር ግን መጠበቅ ያሻል። በመጀመሪያ፥ የሚወርደው ጭቃ ወደ አስፋልቱ እንዳይፈስ በጎኑ ፈሰስ ይውጣለት። ሁለተኛ፥ ድንጋዩ ራሱ በጭቃ ከተዋጠ ሥራው ያበቃልና በየጊዜው ሌላ ድንጋይ ይጨመርበት። ሦስተኛ፥ ነጂው ድንጋዩን በዝግታ አልፎ በተጣመሩት ጎማዎች መካከል የተሰካ ድንጋይ እንዳለ ወርዶ ይመልከት።

ድንጋዩ ያላወጣውን ጭቃ ነጂው በእጁ ያወጣዋል። ለዚህም ጫፉ የደነዘ እንጨትና ጠንካራ ብሩሽ ይበቃል። ቢላዋና ስለት ያለው ብረት ጎማውን ስለሚቈርጥ አይገባም። ቤንዚን፥ ናፍጣና ላምባም ለጎማ ማጽጃ አይሆኑም፤ ላስቲኩን ያበላሹታልና፥ የቀረውም ቅባት ራሱ ያዳልጣል። ጥርሱ ያለቀውንም ጎማ በቢላዋ ቀርጾ ጥርስ ላውጣለት ማለት ሞትን መጥራት ነው፤ ቢላዋው ነፋሱን የያዘውን ሽቦና ክር ሊነካው ይችላልና። ማጽዳት ያለውን ጥርስ ይገልጣል እንጂ ያለቀውን አይመልስም።

ከሁሉ በላይ ሽማግሎችና መምህራን አጥብቀው ሊከለክሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በብዙ ስፍራ ልጆች ለጥቂት ሳንቲም ብለው የመኪና ጎማ ሊጠርጉ ይሯሯጣሉ። ነጂው ሞተሩን ሳያጠፋ፥ የእጅ ፍሬኑን ሳይዝ፥ ከጎማውም ፊትና ኋላ ድንጋይ ሳያደርግ ልጅን ወደ ጎማ ማስጠጋት ታላቅ በደል ነው። ጎማ መጥረግ የነጂውና የረዳቱ ሥራ ነው፤ የልጅ ሥራ አይደለም።

ከጎሓ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለት ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሚወርድ ነጂ ስለ ጎማው የሚያስብበት ጊዜ ፍሬን የሚይዝበት ሰዓት አይደለም፤ ከጭቃው የወጣበት ሰዓት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። አሥር ደቂቃ ቆሞ ጎማውን የጠረገ ነጂ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ተማሪ ግን ወደ ቤቱ በደኅና ይገባል። መምህር ይህን ለልጆች ቢያስተምር፥ ሽማግሌም ከመንደሩ የሚወጣውን ነጂ «ልጄ፥ ጎማህን ጠርገህ ሂድ» ብሎ ቢመክር፥ ከምክሩ ጋራ ድንጋዩን ቢያስነጥፍ፥ የመንደሩ መውጫ የደኅንነት በር ይሆናል።