በምስል ጠርዝ ላይ የሚታይ የቀለም ጥለት



ብርሃን በመስተዋት ሲያልፍ ሰማያዊው ከቀዩ ይበልጥ ይሰበራል። ቀለማቱ በአንድ ነጥብ ስለማይገናኙ፣ በነገሮች ጠርዝ ላይ ያልነበረ የቀለም ጥለት ይታያል። ጆን ዶሎንድ በ1758 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት፣ ከሁለት ዓይነት መስተዋት የተጣመረው ሌንስ ጉድለቱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም።

የቀረውን ዛሬ በኮምፒዩተር ማረም ይቻላል። ጥለቱ ወደ ምስሉ ዳር እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፣ የቀዩንና የሰማያዊውን ምስል መጠን ከአረንጓዴው ጋር ማስተካከል ይበቃል፤ ቀለማቱ ወደ ስፍራቸው ይመለሳሉ። ከፎከሱ ፊትና ኋላ የሚታየው ሐምራዊና አረንጓዴ ጥለት ግን በዚህ አይታረምም፤ ፕሮግራሙ ቀለሙን ያደበዝዘዋል እንጂ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው የሌንሱን ሐምራዊ ከደብዳቤ ማኅተም ሐምራዊ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ባለሙያው እርማቱን በሚያስፈልገው ስፍራ ብቻ ሊወስን፣ ዋናውንም ፋይል ሳይነካ ሊያስቀምጥ ይገባዋል፤ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነውና።