ሲደወል የሚነሳ ስልክ

(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች መድረክ ስንይዝ የሚጠበቅብን የገቢና የወጪ ዝርዝር ነው። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ስልክ ነው። አባሎቻችን በሚያካሂዱት አነስተኛ ንግድ ውስጥ በየትኛውም መዝገብ ላይ የማይታይ ኪሳራ አለ፤ እሱም ያልተነሳ ስልክ ነው። ለሠርግ ምግብ የሚያዘጋጅለት የሚፈልግ ደንበኛ ደውሎ ካጣን መልእክት ትቶ አይጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይደውላል። ለልጇ መዋያ የምትፈልግ እናትም እንደዚሁ ናት። ያ ገንዘብ ስላልገባ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ስለሌለው ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

እዚህ አሜሪካ የብዙዎቻችን የሥራ ስልክ አሁን የሚሠራው በኢንተርኔት ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ኩባንያው ስለነበር የቤታችን መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፃችንን ወደ ትናንሽ የመረጃ እሽጎች እየከፋፈለ በራውተርና በሞደም በኩል ይልካል። ከእነዚህ አንዱ መብራት ካጣ ስልኩ ዝም ይላል። ዋጋው ቀንሷል፣ አገልግሎቱ በዝቷል፤ ነገር ግን ስልኩ እንዳይቋረጥ የመጠበቁ ኃላፊነት በከፊል ወደ እኛ መጥቷል። ይህን ኃላፊነት እንዴት እንደምንወጣው በስድስት ነጥብ እናቅርብላችሁ።

አንደኛ፣ የድምፅ መቆራረጥ። ድምፅ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው የበለጠ ፈጣን ኢንተርኔት ለመግዛት ይሮጣል። አንድ ጥሪ ግን በሰከንድ 100 ኪሎቢት ያህል በመሄጃም በመምጫም ቢያገኝ ይበቃዋል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ እንኳ ግማሽ ሜጋቢት ቢሆን ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ መስመሩን የሚሻማው ሌላ ሥራ ነው፤ የጥበቃ ካሜራው ቪዲዮ ይልካል፣ ኮምፒዩተሩ ፋይል ይጭናል። ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲወስድበት ተነጋጋሪዎቹ ቃል መነጣጠቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ራውተሩ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ አስተካክሉት። የጠረጴዛውን ስልክ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አገናኙት። የአንዱ ወገን ድምፅ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ውስጥ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለው ነገር መዘጋት እንዳለበት አገልግሎት ሰጪውን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መብራት። አነስተኛ የመጠባበቂያ ባትሪ ግዙ። ሞደሙም፣ ራውተሩም፣ ስልኩም ባትሪው ላይ መሰካት አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ የሌሎቹ መብራት ማግኘት ጥቅም የለውም። የሚፈጁት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ኮምፒዩተርና ማተሚያ አታክሉበት። ባትሪ ያረጃልና በየጊዜው ከግድግዳው ነቅላችሁ እየደወላችሁ ፈትኑት።

ሦስተኛ፣ ሁለተኛ መንገድ። የሰፈሩ ኢንተርኔት ራሱ ከተቋረጠ ባትሪ አያድነንም። የቢሮው ስልክ ሲጠፋ ጥሪው በራሱ ወደ ሞባይል እንዲዞር አስቀድማችሁ በአገልግሎት ሰጪው በኩል አስተካክሉ። ይህ ማዞሪያ የሚሠራው ከቢሯችን ውጭ በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ የእኛ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ሞባይሉ የማን እንደሆነና በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚይዘው ግን ተጽፎ ይቀመጥ።

አራተኛው ከገንዘብ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በቴክሳስ ማርሻል ከተማ ካሪ ሀንት የተባለች እናት በሆቴል ክፍል ውስጥ በተለያት ባሏ እጅ ተገደለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ እንደተማረችው 911 አራት ጊዜ ደወለች። የሆቴሉ ስልክ ወደ ውጭ ለመደወል በቅድሚያ 9 መጫንን ስለሚጠይቅ ጥሪው አልወጣላትም። በእናቲቱ ስም የተሰየመው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ጸደቀ። ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2020 በኋላ የሚተከል ባለብዙ መስመር የሥራ ስልክ ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር በቀጥታ 911 ማስደወል አለበት። የእናንተ ስልክ ይህን ያደርግ እንደሆነ አገልግሎት ሰጪውን ጠይቁ። በኢንተርኔት ስልክ 911 ሲደወል ለረዳቶቹ የሚደርሰው አድራሻ በአብዛኛው እኛ ያስመዘገብነው እንደሆነም አትርሱ። ቢሮ ለውጣችሁ አድራሻውን ካልቀየራችሁ አምቡላንሱ ወደ ድሮው ቤት ሊሄድ ይችላል። በየቤታችሁ የሰው ልጅ የምታውሉ፣ አረጋውያን የምትንከባከቡ እህቶች ይህን ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ አረጋግጡ።

አምስተኛ፣ ቁጥሩ የማን ነው? ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚያስገባልን ኮምፒዩተር የሚያውቅ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ሒሳቡ ግን በእሱ ስምና በእሱ ኢሜይል ከተከፈተ እሱ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ቀን ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። በድርጅታችሁ ስም ይሁን፤ የይለፍ ቃሉንም ሁለት ሰው ይወቀው። ርካሽ ኩባንያ ስታገኙም ቁጥሩ ወደ አዲሱ መዛወሩ ሳይረጋገጥ የድሮውን መስመር አትዝጉ። አለበለዚያ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። በመኪናው፣ በካርዱና በደንበኛው ልብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ንብረት ነው።

ስድስተኛ፣ ስርቆት። ሌቦች ደካማ የይለፍ ቃል ያለው የኢንተርኔት ስልክ ሲያገኙ ሰው በሌለበት ሌሊትና ቅዳሜና እሁድ ውድ ወደሆኑ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ቢሉ ለእኛ ይመጣል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። የምትደውሉት ወደ ኢትዮጵያ ብቻ ከሆነ ወደ ሌሎች አገሮች የሚወስደውን አዘጉ። የወጪ ጣሪያ አስቀምጡ። ቢሉንም ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የጥሪዎቹን ዝርዝር አንብቡ፤ ማታ ማንም በሌለበት የተደወለ ጥሪ ካያችሁ በዚያው ቀን ደውላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ ለለጋሾቻችን የምንለው አለን። ባትሪ፣ ሁለተኛ መስመርና የማዞሪያ አገልግሎት በሪፖርታችን ላይ «አስተዳደራዊ ወጪ» ተብለው ይቀመጣሉ። ለጋሽ ይህን አርእስት ሲያይ እንደማይወደው እናውቃለን። ነገር ግን በቤቷ ሰላም አጥታ ወደ ማኅበራችን የምትደውል ሴት ያን ስልክ ለማንሳት ድፍረት ያገኘችው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷ ስትደውል ስልኩ ዝም ካለ ጥሩ ፕሮግራም መኖሩ ምን ይረባታል? ስለዚህ ይህን ወጪ ከቤት ኪራዩ ጎን አስቀምጡልን።

አባላት ደግሞ አንድ ሥራ ውሰዱ። በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሩብ ሰዓት መድቡ። ከውጭ ሞባይል ወደ ቢሮው ደውሉ፤ የድምፅ መልእክቱን አዳምጡ፤ ሞደሙን አጥፍታችሁ ጥሪው ወደ ሞባይል መዞሩን እዩ፤ ባትሪውን ፈትኑ፤ ቢሉን አንብቡ። ያገኛችሁትን ቀኑን ጠቅሳችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ኩባንያው «ከእኛ ችግር የለም» ሲላችሁ ማስረጃችሁ ያ ደብተር ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ የስልክ ቢላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።