ምን አጥፍቼ ነው?



በነርስነት በማገለግልበት ክፍል አንዲት እናት የሦስት ቀን ልጇን በጎኑ አስተኝታ ታጠባለች። ወገቡ ላይ ስስ ቆዳ የለበሰ እብጠት አለ፤ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ጎንበስ ስል በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፦ «ሲስተር፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጥያቄዋን በአደባባይ ለመመለስ ነው።

ሕመሙ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ይቀራል። አብዛኞቹ ሕፃናት ጭንቅላታቸው ውስጥም ውሃ ይቋጠራል። በብዙ አገሮች እምብዛም የማይታይ ችግር ነው፤ በእኛ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ግን ከ10,000 ወሊዶች ከ60 በላይ የሚሆኑት በዚህና በመሰል ጉድለቶች እንደሚጠቁ አሳይተዋል።

እስቲ ቀኑን እንቁጠረው። በ28ኛው ቀን የእናትየዋ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም። ታዲያ ጥፋቷ የቱ ላይ ነው? ቡዳም አይደለም፤ እርግማንም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ሲወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። እኛ ግን ኪኒኑን የምንሰጠው እናት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ነው፤ ያኔ ቱቦው ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ከማዕዷ ላይ መገኘት አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዱቄቷን በፎሊክ አሲድ ታበለጽጋለች። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ደረጃው ከወረቀት ወርዶ ወፍጮ ቤት መድረስ አለበት፤ ስንዴ የማይደርስበት ገጠርም ሊረሳ አይገባም።

ለተወለዱትስ? የሕፃኑ ወገብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀዶ ሕክምና ይዘጋል፤ የጭንቅላቱ ውሃ መውረጃ ይበጅለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ድካም የቤት ነው። እናት በየአራት ሰዓቱ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በቀጭን ቱቦ የልጇን ሽንት ታወጣለች። ይህን የተማረች እናት የልጇን ኩላሊት ታድናለች።

አባቶች ሆይ፣ ሚስታችሁን አትውቀሱ። ጎረቤቶች፣ ልጁን «አያሳየኝ» ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ፤ ቡና ስታፈሉ እናቱንም ልጇንም ጥሩ። ለመውለድ ያሰባችሁ እህቶች፣ ከመፀነሳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ፎሊክ አሲድ ጠይቁ። ዱቄት የምታመርቱና የምትቆጣጠሩ ወገኖች፣ የአንድ ልጅ እግር በእጃችሁ ነው።

ለዚያች እናት መልሴ ይህ ነው፦ እህቴ፣ አንቺ ያጠፋሽው የለም። ቀድመን መድረስ የነበረብን እኛ ነን።